ለአንድ ግሥ የተያዘ ወረፋ

በዚያ ከሰዓት በኋላ በፋብሪካው ክበብ ውስጥ የነበርነው አምስት ሰዎች ነን። መምህራችን ፍራው ኢንግሪድ ሻይ በሚወጣበት መስኮት አጠገብ፣ የማሽኑን መጽሐፍ ደረታቸው ላይ አቅፈው ቆመዋል። የሠራተኛ ማኅበሩ ሊቀመንበር ጓድ መኩሪያ፣ የሦስቱ ባለ ጢም ሽማግሎች ሥዕል ከተሰቀለበት ግድግዳ ሥር ነው፤ ከዚያ ሥዕል ሥር ካልቆመ ንግግር አይመጣለትም። ክበቡን የሚያስተዳድሩት ጋሽ ኸይሩ ግማሽ አካላቸው ከባንኮኒው ወዲህ፣ ግማሹ ከባንኮኒው ወዲያ ነው፤ ውሃ ጥደው ስለነበር ለትምህርቱም ለሻዩም እኩል ታምነው ቆመዋል። የፈትል ክፍሏ ዘይነባ በሩ አጠገብ ናት። እኔ ምስማሩ ሥር ነኝ። ምስማሩ ላይ ካፖርቴ ተሰቅሏል። በመካከላችን ባለው ጠረጴዛ ላይ ደግሞ አራት ድንጋዮች ተሰልፈዋል።

ስለ ድንጋዮቹ እስክደርስ ታገሡኝ። ነገሩ የተጀመረው ከድንጋይ ሳይሆን ከአንድ የእንግሊዝኛ ግሥ ነው።

ፋብሪካችን አቃቂ ወንዝ ዳር ያለ የብርድ ልብስ ፋብሪካ ነበር። እኔ የእቃ ግምጃ ቤቱ ጸሐፊ ነበርኩ። ማሽኖቹ በጃንሆይ ጊዜ ከእንግሊዝ አገር የተገዙ ናቸው፤ ጠጋኛቸው ግን በአብዮቱ ጊዜ ከምሥራቅ ጀርመን የመጡ ሰው ናቸው። ስለዚህ ማሽኑ በእንግሊዝኛ ይታመማል፣ ሐኪሙ በጀርመንኛ ያክሙታል፣ እኛ በአማርኛ እናስታምማለን። ሐኪሙ ሄር ኩርት ይባላሉ። ቀኑን ሙሉ ማሽን ሥር ተጋድመው ስለሚውሉ ከፊታቸው ይልቅ ጫማቸውን ነበር የማውቀው። አንድ ቀን ቆመው ሲሄዱ አይቼ እኒህ ሰው ማን ናቸው ብዬ ጠይቄአለሁ።

አንድ ሠራተኛ ለስምንት ወር ሥልጠና ጀርመን አገር እንዲሄድ ተወሰነ። ቦታው አንድ ብቻ ነው። የሚሄደው ሰው የማሽኑን የእንግሊዝኛ መጽሐፍ እያነበበ ለጀርመን አሠልጣኞች በጀርመንኛ ማስረዳት አለበት ተባለ። የሄር ኩርት ባለቤት ፍራው ኢንግሪድ እንግሊዝኛም ስለሚችሉ ከሥራ በኋላ በክበቡ ውስጥ ሊያስተምሩን ፈቀዱ። «ፍራው» በእነሱ ቋንቋ «ወይዘሮ» ማለት ነው። ጋሽ ኸይሩ መጀመሪያ ቀን ሲሰሙት «ማንን ነው የምፈራው?» ብለው ነበር።

በመጀመሪያው ሳምንት ክበቡ መቀመጫ ጠፋበት። የጀርመን ስም ወንድና ሴት አልበቃ ብሎት ሦስተኛ ጾታ እንዳለው በተነገረ ማግስት ግማሹ ሰው ቀረ። ሌላው ደግሞ ግሥ ብዙ ጊዜ ዐረፍተ ነገሩ መጨረሻ ላይ እንደሚመጣ ሲነገረው፣ ይህንንማ አማርኛችንም ያደርገዋል፣ ለዚህ ብዬ አልደክምም ብሎ ሄደ። አራት ሰዎች ጸናን። ጓድ መኩሪያ የጸናው ያቋረጡትን ሁሉ በስብሰባ ላይ ስለተቸ ራሱ ማቋረጥ ስላልቻለ ነው። ጋሽ ኸይሩ የጸኑት ደግሞ ትምህርቱ በእሳቸው ክበብ ስለሚሰጥ፣ ሳያልቅ በሩን መቆለፍ ስለማይችሉ ነው። እንቅልፍ ላይ ሆኖ ጀርመንኛ የተማረ ሰው እሳቸውን ብቻ አውቃለሁ፤ አነጋገራቸውም ከሁላችን ያምር ነበር። መሄድ የምንፈልገው ዘይነባና እኔ ነበርን።

እኔ ለምን እንደፈለግሁ ብዙ የምለው የለኝም። ከሞጆ አልፌ አላውቅም ነበር። ይህ ይበቃል። መፈለጌን ግን ሰው ሁሉ አውቆታል፤ ያሳወቀብኝ ካፖርቱ ነው። ጀርመን አገር ይበርዳል ሲባል ሰምቼ፣ ገና ከአንድ እስከ አሥር መቁጠር ሳልችል፣ ከፋብሪካው ጉድለት ያለበት አንድ ግራጫ ብርድ ልብስ ገዝቼ ሳሪስ ላለ ልብስ ሰፊ ሰጠሁ። ብርድ ልብሱ ጫፉ ላይ ቀይ መስመር ነበረው። ልብስ ሰፊው መስመሩን የሚያሳርፍበት ቢያጣ ጀርባዬ ላይ አጋደመው። ከኋላ የሚያየኝ ሰው አልጋ ተነሥቶ የሚሄድ ይመስለው ነበር። ቢሆንም ለብሼው ቤቴ ውስጥ ከመስተዋት ፊት ቆሜ ለራሴ በጀርመንኛ እንደምን ዋልሽ እል ነበር። መልሱ ከበደኝና ተውኩት።

የዘይነባ ምክንያት ሌላ ነው። የወሎ ልጅ ናት። አባቷ የጭነት መኪና ሹፌር ናቸው፤ እሳቸው ደግሞ ለሥራ ባልደረባቸው፣ ለፋብሪካችን ጥጥ ለሚያመጣ የኤንትሬ ሹፌር፣ ልጃቸውን ሊድሩ ቃል ሰጥተዋል። ባለ ኤንትሬው ከፋብሪካው በር በደረሰ ቁጥር ጥሩምባውን ይነፋል፤ ያውም ረጅም አድርጎ፣ አገር ምድሩ ደርሼአለሁ መባሉን እስኪሰማ። ሰውየው ክፉ አልነበረም። ክፉው ጥሩምባው ነው። ሠርጉ ከጾሙ በኋላ፣ ከዒድ በስቲያ ተቆርጧል። አንድ ቀን በሠራተኞች አውቶቡስ ስንመለስ ዘይነባ በመስኮት እያየች እንዲህ አለችኝ፤

«አልጠላሁትም እትዬ። ግን ቀኑን ሲቆርጡ እኔ ሥራ ላይ ነበርኩ።»

አባቷን ትንሽ ጊዜ ስጡኝ ብላ ለምናለች። እሳቸውም፣ መንግሥት ከላከሽ የመንግሥት ትእዛዝ ነውና እንጠብቃለን፣ ካልላከሽ ግን ቀኑ ቀን ነው ብለዋል። ስለዚህ ለእሷ ስምንት ወር ማለት ስምንት ወር ነው። ስለ ካፖርት አላሰበችም።

አሁን ወደ ግሡ።

ፍራው ኢንግሪድ አንድ ቀን ለቤት ሥራ «ጌት» የሚለውን የእንግሊዝኛ ግሥ ወደ ጀርመንኛ መልሳችሁ ኑ አሉን። በእንግሊዝኛ ሦስት ፊደል ናት። ትንሽነቷን አይተን ናቅናት። ለአራታችን ያለችን አንድ መዝገበ ቃላት ነበረችና ስንገልጣት፣ ጌት በአንዱ ገጽ ጀምራ ገጹን ሞላች፤ ብንገልጥ አላለቀችም፤ ደግመን ብንገልጥ ጭራሽ ልጆች ወልዳ ጠበቀችን። መቀበል ናት፤ ማምጣት ናት፤ መድረስ ናት፤ መሆንም ናት። ለእያንዳንዱ ትርጉም ደግሞ ጀርመኖቹ ሌላ ሌላ ግሥ አላቸው። እንግሊዝ በአንድ ማንኪያ የሚበላውን ሁሉ ጀርመን ለየወጡ ማንኪያ አሠርቶለታል።

ጋሽ ኸይሩ ገጾቹን ቆም ብለው አዩና፣

«ይህ ቃል ሰው ቢሆን ኖሮ ትርፍ ቤቱ ይወረስበት ነበር» አሉ።

ለቀልድ ነበር ያሉት። ነገር ግን በዚያ ዘመን ቀልድ ሲነገር ጓድ መኩሪያ መኖሩን ማየት ያስፈልግ ነበር። ጓድ መኩሪያ ልቡ ቅን ነው፤ ቀልድ ብቻ አይገባውም። ከሥዕሉ ሥር ሄዶ ቆመና ሐሳቡ ትክክል መሆኑን፣ አንድ ሰው ይህን ሁሉ ትርጉም ለብቻው ቢይዝ አድሎ እንደሚሆን፣ ትርጉሞቹም ለብዙኃኑ መከፋፈል እንዳለባቸው አስረዳ። ብዙኃኑ አራት ነበርን። እጅ አውጥተን ወሰንን። ጋሽ ኸይሩ እጃቸውን ያወጡት ከእንቅልፋቸው ሲነሡ እየተንጠራሩ ነው፤ ተቆጠረላቸው።

ክፍፍሉ እንዲህ ሆነ። «መቀበል» የሚለው ትርጉም ከሁሉ የሰባ ስለነበር ኃላፊነት የሚጠይቅ ነው ተብሎ ለጓድ መኩሪያ ተሰጠ፤ ጀርመንኛው «በኮመን» ነው። «ማምጣት» ለጋሽ ኸይሩ ደረሰ፤ ቀኑን ሙሉ ሻይ ሲያመጡ የሚውሉ ሰው ስለሆኑ ማንም አልተቃወመም፤ «ሆለን»። ዘይነባ «መድረስ»ን ወሰደች፤ «አንኮመን»። ለእኔ የተረፈኝ «መሆን» ነው፤ «ቬርደን»። መዝገበ ቃላቱ ምሳሌ ሲሰጥበት መድከም፣ መታመም፣ መናደድ፣ ማርጀት ይላል። ሰው መርጠው ነው ያከፋፈሉት ብዬ ጠርጥሬ ነበር፤ ዛሬ ሳስበው ግን ያላደረግሁት የለም።

ደንብም ወጣ። ማንም ሰው ከድርሻው ውጭ ትርጉም እንዳያከማች፣ የሌላውንም እንዳይነካ። እህል ደብቆ የተገኘ ነጋዴ ምን እንደሚባል እናውቅ ስለነበር ሁላችንም ተጠነቀቅን። እኔ ግን አንድ ቀን ማታ ልብስ ስተኩስ «ሆለን» የሚለው የጋሽ ኸይሩ ቃል በገዛ ፈቃዱ አፌ ላይ መጣብኝ። ወዲያው አፌን በእጄ ያዝኩ። በሩን ሄጄ ዘጋሁት። እናንተ አሁን ትስቃላችሁ።

እንዲህ ሆኖ በየድርሻችን በረታን። ዘይነባ የራሷን እንደ ውሃ ጠጣቻት። ከዚያ በኋላ ባለ ኤንትሬው ጥሩምባውን በነፋ ቁጥር ሦስታችን በአንድ ድምፅ «አንኮመን» እንላለን፤ እሷም አንገቷን ትደፋለች። አሁን ሳስበው ማለት አልነበረብንም። ያን ጊዜ ግን እንስቅ ነበር፤ እሷም ከነጠላዋ ሥር ትስቅ ነበር።

ችግሩ የመጣው ፍራው ኢንግሪድ ግሡን ዐረፍተ ነገር ውስጥ አግብተው ባመጡ ጊዜ ነው። ጌት መጣች። የማን ናት? ጓድ መኩሪያ የእኔ ናት አለ። ጋሽ ኸይሩ የለም የእኔ ድንበር ውስጥ ነው ያረፈችው አሉ። ባለቤቷ ግን ዘይነባ ነበረች። ሁለተኛ ዐረፍተ ነገር መጣ፤ እንደገና ሙግት። እንኳን ጀርመንኛ አማርኛም ሳንናገር ሰዓቱ አለቀ። መዝገበ ቃላቱን እናገላብጥና ትርጉሙን ከአገባቡ እንለይ ብዬ ነበር፤ ድምፄ ትንሽ ስለሆነች ከክርክሩ ሥር ቀረች።

ያኔ ጓድ መኩሪያ መላ አገኘ። ያየውም የተማረውም ያንኑ ስለሆነ ከዚያ የተሻለ ሊያስብ አይችልም ነበር። ወረፋ።

የዚያን ጊዜ ወረፋ ያላየ ሰው እዚህ ላይ እንዳይጠፋብኝ ልንገረው። በኅብረት ሱቁ ስኳር ወይም ሳሙና መጣ ሲባል ሰው ሥራውን ጥሎ መቆም ስለማይችል በቦታው ድንጋይ ያስቀምጣል። ድንጋዩ ተሰልፎ ይውላል፤ ባለቤቱ ሥራ ውሎ ይመጣል። የማን ድንጋይ የማን እንደሆነ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። የእኔ ከአቃቂ ወንዝ ያነሣሁት፣ መካከሉ እንደ ባቄላ የቀጠነ ቡናማ ድንጋይ ነበር። የጓድ መኩሪያ ቀይ ቀለም የተቀባ ነው። ጋሽ ኸይሩ ቀድሞ ነጋዴ የነበሩ ስልጤ ናቸውና የሚያሰልፉት የሚዛን ድንጋይ ነበር፤ ማንም ስለ ክብደቱ አልተከራከራቸውም። የዘይነባ ትንሽ ነጭ ድንጋይ ነበረች።

ወረፋው ደንብ አለው። ድንጋይ አይዘለልም። ወረፋ አይለመንም፤ ነውር ነው። ነገር ግን ቦታውን ሊለቅ የፈለገ ሰው ድንጋዩን ያነሣና ይሄዳል። ለምን አይባልም፣ አይመሰገንም፤ ቢመሰገን ምጽዋት ይሆናል። እናቴ በታመመችበት ሰሞን ሳሙናው ሊያልቅ ሲል ከፊቴ የነበረች አንዲት ሴት እጄ ላይ ያለውን የታካሚ አንሶላ አይታ ድንጋይዋን አንሥታ ሄደች። ፊቷን አላየሁትም። ከኋላ ነጠላዋን ብቻ ነው ያየሁት።

እና ጓድ መኩሪያ፣ ጌት ስትመጣ የማን ናት ብሎ መጣላት ቀርቶ በወረፋ ትደልደል አለ። ድንጋዮቻችንን ክበቡ ጠረጴዛ ላይ አሰለፍን። ዐረፍተ ነገር ሲመጣ የፊተኛው ድንጋይ ባለቤት በራሱ ትርጉም ይመልሳል፤ ድንጋዩ ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ቀጣዩ ይጠጋል። ፍጹም ፍትሐዊ ነበር። ትክክል አልነበረም እንጂ ፍትሐዊ ነበር።

ፍራው ኢንግሪድ ድንጋዮቹን ባዩ ጊዜ ጠረጴዛውን አንዴ ዞሩት። ከዚያ በአክብሮት አንገታቸውን ዝቅ አደረጉ። የአገሩ ባህል መስሏቸው ነው። ባለቤታቸውን አምጥተው ከሩቅ አሳዩአቸው፤ እንዳይነኩም እጃቸውን ያዟቸው። እኛም ለማስረዳት አፈርን። መልሳችን ስህተት ሲሆን ያርሙናል፤ ጓድ መኩሪያም እርማቱን እንቀበላለን፣ ነገር ግን ያ ትርጉም ተራው ገና ነው ይላቸዋል። ደግ ሴት ስለነበሩ እሺ ይላሉ። አንድ ቀን ግን ለብቻችን አድርገው፣ ሁለታችሁ ሴቶች እኩል ናችሁ፣ ልለያችሁ አልቻልኩም ብለውናል። ዘይነባም እኔም መሬት መሬት አየን።

በመጨረሻ የሚሄደው ሰው የሚለይበት ፈተና ተቆረጠ፤ ወቅቱ በጋ ነበር። ካፖርቴን ለብሼ ሄድኩ። ዝግጁነቴ እንዲታይልኝ ብዬ ነው። የአቃቂ ፀሐይ ለዝግጁነት ደንታ የላትም። ክበቡ ስደርስ ላብ ዓይኔን ጋርዶት ነበርና ጋሽ ኸይሩ፣

«እመቤቴ፣ ጀርመን ሳትደርሺ ተቀቅለሽ እንዳትቀሪ» ብለው አስወልቀው ምስማሩ ላይ ሰቀሉልኝ።

ከዚያ መጀመሪያ እንደነገርኳችሁ በየቦታችን ቆምን። ፍራው ኢንግሪድ የማሽኑን መጽሐፍ ገለጡ። ጌት በየመስመሩ ነበረች። እንግሊዞች ማሽን ሲሠሩ ሌላ ግሥ አልነበራቸውም ይሆናል።

ፊተኛው ድንጋይ ቀዩ ነው። መጽሐፉ፣ ማሽኑ ሲሞቅ አቁመው ይላል። ጓድ መኩሪያ ጉሮሮውን ጠረገና ማሽኑ ሙቀት ሲቀበል አቁመው ብሎ በጀርመንኛ ተናገረ። ያስኬዳል። ፍራው ኢንግሪድ ራሳቸውን ነቀነቁ። ጓድ መኩሪያ ድንጋዩን ወደ ኋላ ሲወስድ ኒሻን የተሸለመ ይመስል ነበር።

ቀጥሎ፣ ክሩ ጫፍ ሲደርስ ይላል። የዘይነባ ነው። ተራው ግን የጋሽ ኸይሩ ነበርና ክሩ ጫፉን ሲያመጣ አሉ፤ ያውም በሚያምር ድምፅ። የፍራው ኢንግሪድ ከንፈር ትንሽ ተንቀጠቀጠ።

ቀጥሎ እኔ። መጽሐፉ፣ ሌላ የክር ማጠንጠኛ አምጣ ይላል። የጋሽ ኸይሩ ቃል ምላሴ ላይ ተቀምጣለች፤ በቃ ብተፋት ትክክል ነው። ጓድ መኩሪያን አየሁት። ድንጋዬን አየሁት። ድርሻዬን ተናገርኩ፤ ሌላ የክር ማጠንጠኛ ሁን ብዬ። ፍራው ኢንግሪድ መጽሐፉን ወደ ፊታቸው ከፍ አደረጉት።

ዘይነባ ተራዋ ሲደርስ የመጣው፣ ዘይቱ ሲቆሽሽ ቀይረው የሚል ነው፤ የእኔ ድርሻ። እሷ ግን ዘይቱ ቆሽሾ ሲደርስ አለች። «አንኮመን» ብላ አፏን ሳትገጥም ከበሩ ውጭ ጥሩምባው ጮኸ። ባለ ኤንትሬው ደርሷል። ጓድ መኩሪያ እንኳ ሥዕሉን ተደግፎ ሳቀ። መጽሐፉ በፍራው ኢንግሪድ እጅ ይንቀጠቀጣል። ዘይነባ አንገቷን ደፋች፤ ሳቋን ግን በዚያን ቀን አላየሁም።

ጓድ መኩሪያ እንደገና አንዱን ተቀበለ። በመጨረሻ የጋሽ ኸይሩ ተራ ደረሰ። መጽሐፉ፣ ውሃው ሲሞቅ ይላል። ጋሽ ኸይሩ ደረታቸውን ነፍተው ውሃውን ሙቅ አምጣ አሉ። አሉና በገዛ ቃላቸው ደነገጡ፤ የጣዱት ትልቁ የሻይ ማንቆርቆሪያ ከኋላቸው ክዳኑን እያስጮኸ ነበር። ዘወር ብለው ሄደው አምስት ብርጭቆ ሻይ ይዘው ተመለሱ። ለፍራው ኢንግሪድ የመጀመሪያውን አቀረቡላቸው። ፍራው ኢንግሪድ መጽሐፉን ጠረጴዛው ላይ ጣሉት፣ ወንበር ላይ ተቀመጡ፣ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። እኛ በትሕትና ጠበቅናቸው።

ዓይናቸውን ከጠረጉ በኋላ በእንግሊዝኛ ተናገሩ፤ እኔም ወደ አማርኛ እንዲህ ብዬ መለስኩት፤

«እናንተ አራታችሁ አንድ ላይ ስትሆኑ ይህን ግሥ በደንብ ታውቁታላችሁ። አውሮፕላኑ ግን የሚወስደው አንድ ሰው ነው።»

ከሁለቱ ሴቶች አንዷ ብትሆን ደስ እንደሚላቸው፣ መምረጥ ግን እንደማይችሉ ነግረውን፣ ሻያቸውን ጠጥተው እስኪጨርሱ ስም እንድንሰጣቸው ጠየቁ። ያን ስም ለሥራ አስኪያጁ ያስተላልፋሉ።

ጓድ መኩሪያ ስብሰባ ሊከፍት ሥዕሉ ሥር ተስተካከለ። ጋሽ ኸይሩ ግን ስብሰባ ከተከፈተ ሻዩ እንደሚቀዘቅዝ ያውቃሉ።

«ምን ስብሰባ ያስፈልገዋል» አሉ። «ወረፋው እኮ እዚያው ተሰልፏል። ጌትም አንድ ነገር፣ ጀርመንም አንድ ነገር። ፊት ያለው ድንጋይ የማን ነው?»

ሁላችንም ጠረጴዛውን አየን። ፊት ያለው የእኔው ቡናማ ድንጋይ ነው። ከኋላው የዘይነባ ነጭ ድንጋይ። ሦስተኛው ቀዩ ነው። ጓድ መኩሪያ ቀዩን አየት አድርጎ ትንሽ አሰበ። ነገር ግን ደንቡን ያወጣው እሱ ነው፤ ቅን ሰውም ነው አላልኳችሁም? ፍትሐዊ ነው አለ። እጅ ወጣ። ጸደቀ።

መሄዴ ነው። ግድግዳውን ያዝኩ። ጓድ መኩሪያ እጄን ጨበጠኝ፤ ፋብሪካውን እንዳላሳፍር አደራ አለኝ። ጋሽ ኸይሩ ሻዬን አቀበሉኝና፣

«እንኳን ደስ ያለሽ እመቤቴ። ካፖርቱም ሥራ አገኘ» አሉ።

ያን ጊዜ ጥሩምባው ሁለተኛ ጮኸ። ባለ ኤንትሬው ዘይነባን ወደ ሳሪስ ይዟት ሊሄድ ነው የሚጠብቀው፤ ከአባቷ ቤት ሽማግሎች ለሠርጉ ወጪና ለድግሱ ሊነጋገሩ ይመጣሉ ተብሏል። ማናችንም «አንኮመን» አላልንም። ፍራው ኢንግሪድ ምን እንደሆነ አልገባቸውም፤ ብርጭቆአቸውን ይዘው አንዴ በሩን፣ አንዴ እኛን ያዩ ነበር።

ዘይነባ ከበሩ ተነሥታ ወደ እኔ መጣች። እንኳን ደስ ያለዎት ብላ ሳመችኝ። ዓይኔን አላየችም፤ ከትከሻዬ በላይ ምስማሩን አየች። ካፖርቱን አወረደችው። አገላብጣ አየችው፣ በመዳፏ ቀይ መስመሩን ዳበሰችው፣ ከዚያ ደረቱ ላይ ያለችውን ቁልፍ ሳብ አደረገቻት።

«እትዬ፣ ቁልፏ ላልታለች» አለች። «ሳይሄዱ ላጥብቅልዎት። እዚያ ብርድ ነው ይላሉ።»

ከነጠላዋ ጫፍ መርፌና ክር አወጣች። የፈትል ክፍል ሴት መርፌ አይለያትም። ካፖርቱን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ አግዳሚው ላይ ተቀመጠችና መስፋት ጀመረች። ጥሩምባው ሦስተኛ ጮኸ፤ እጇ አልቆመም።

ፍራው ኢንግሪድ ብርጭቆአቸውን አስቀመጡ። ሻዩ አልቋል።

እኔም የእኔን ብርጭቆ አስቀመጥኩ። ወደ ጠረጴዛው ሄጄ ድንጋዬን አነሣሁና ወጣሁ።